የማይመጣው መሰላልና የሚነዝረው ፍሪጅ

ለተከበሩ የሰፈራችን የመብራት አገልግሎት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤
ባሉበት፤

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብተዋል እላለሁ። ጤናዎ፣ ቤተሰብዎ፣ ወንበርዎ እንዴት ናቸው? ከራስዎ በላይ ያለው አምፖል ሳይርገበገብ፣ የቢሮዎ የሻይ ማፍያ ጣትዎን ሳይነዝር፣ ቴሌቪዥንዎም እርስዎ ሲያበሩት ብቻ እየበራ፣ ሲያጠፉትም እሺ ብሎ እየጠፋ፣ በሰላም ውለው በሰላም ያድራሉ ወይ? እኛ ለጊዜው ደህና ነን። ይኸውም የምንነካውን ነገር መርጠን እስከነካን ድረስ ማለቴ ነው።

ይህን ደብዳቤ የምትጽፍልኝ የእህቴ ልጅ ናት። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ ዕድሜዬን ድንጋይ ስጠርብና ግንብ ሳቆም ፈጀሁት። እርስዎ ወንበርዎን አስደግፈው የሚቀመጡበትን የጽሕፈት ቤቱን የኋላ ግድግዳ ያቆምኩት እኔ ነኝ፤ እርስዎ ሳይሾሙ፣ ከእርስዎ በፊት የነበሩትም ሳይሾሙ። ባለፈው ለአቤቱታ ስመጣ በመስኮት አየሁት፤ አንድ ስንጥቅ የለበትም። ይህን የምለው ልኩራራ ብዬ ነው፤ እንዳለ ጻፊው ብያታለሁ። የእህቴ ልጅ ልብስ ሰፊ ናትና የረዘመ ነገር ስታይ እጇ ወደ መቀስ ይሄዳል፤ ከዚህ ደብዳቤ ግን አንድ ቃል እንዳትቆርጥ ቃል አስገብቻታለሁ። በጋዜጣ በግልጽ ያወጣሁትም ልዳፈርዎ ፈልጌ አይደለም። በራችሁ ላይ ያለው ጥበቃ በመጣሁ ቁጥር «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» ስለሚለኝ፣ ስብሰባውም በእኔ ዕድሜ የሚያልቅ ስላልመሰለኝ፣ ቢያንስ ስብሰባው መሐል ጋዜጣ ሲያነቡ ያገኙኛል ብዬ ነው።

አንደኛ፤ በስልክ ስለተሰጠኝ ምክር ከልብ አመሰግናለሁ።

የቤታችን አምፖል አንዴ ዓይን እስኪያጭበረብር እየነደደ፣ አንዴ ደግሞ ሊሞት እንዳለ ፍም እየደበዘዘ ሲያስቸግረን፣ የእህቴ ልጅ ወደ እናንተ ደውላ ስልኩን ሰጠችኝ። ያነሳችው ልጅ ድምፅዋ ማር ነው፤ ለወለዷት ይባርክላቸው። «አባቴ፣ መጀመሪያ ሁሉንም ዕቃ ከሶኬት ይንቀሉ፤ ከዚያ አንድ በአንድ እየመለሱ ይሰኩ፤ የተበላሸው ዕቃ ሲሰካ ራሱን ያጋልጣል» አለችኝ። መልካም ምክር ነው፤ በተባልኩት መሠረት ነቀልኩ። ቴሌቪዥኑን ነቀልኩ፣ ሬዲዮኑን ነቀልኩ፣ ካውያውን ነቀልኩ፣ ዲቫይደሩን እንደ ሞተ እባብ ጠቅልዬ መደርደሪያ ላይ አኖርኩት። ፍሪጁንም ነቀልኩት፤ እሱን ግን ለአፍታ ብቻ ነው፤ ለምን ለአፍታ ብቻ እንደሆነ ኋላ እደርስበታለሁ።

ሁሉ ነገር ተነቅሎ ሲያልቅ ቤቱ ውስጥ አንድ አምፖል ብቻ ቀረ። እሱም ብቻውን ጣራው ላይ ተንጠልጥሎ ይተነፍስ ጀመር፤ ደመቅ ይላል፣ ደብዘዝ ይላል፤ ደግሞ ደመቅ፣ ደግሞ ደብዘዝ። እኔና ባለቤቴ ከሥሩ ቆመን አንጋጠን አየነው። «እንግዲህ ጥፋተኛው እሱ ነዋ» አልኳትና አምፖሉን ቀየርኩት። አዲሱም ያው የአሮጌውን ትንፋሽ ተነፈሰ። ፊውዙን ቀየርኩ። ቴሌቪዥኑን እንደ ሕፃን ታቅፌ ከአንዱ ሶኬት ወደ ሌላው ሶኬት፣ ከሳሎን ወደ ጓዳ ዞርኩበት። አንድ በአንድ መልሼ ሰካኋቸው፤ ራሱን ያጋለጠ ዕቃ አልተገኘም፤ ሁሉም ንጹሕ ነኝ አሉ። በሽታው ከውጭ የሚመጣ መሆኑን ፊደል ያልቆጠርኩት እኔ እንኳ ያን ጊዜ ገባኝ። ይህንኑ መልሼ ደውዬ ለማር ድምፅዋ ልጅ ስነግራት፣ «ቴሌቪዥኑን አጥፍተው አብርተውታል አባቴ?» አለችኝ።

ክቡር ሆይ፣ ቴሌቪዥኑን ማጥፋትና ማብራት ከእኔ እጅ ከወጣ ሰንብቷል። ስለዚህ ወደ ሁለተኛው እንለፍ።

ሁለተኛ፤ ለሞተው ልጃችን ቴሌቪዥን ስለምታበሩለት አመሰግናለሁ።

ልጃችን የከባድ መኪና ሾፌር ነበር። ቴሌቪዥኑን የገዛልን እሱ ነው። ከመንገድ ሲመለስ መታጠፊያው ላይ ጡሩምባ ይነፋል፤ እናቱ በባዶ እግሯ ሮጣ በር ትከፍታለች፤ እሱም ገብቶ ጫማውን ሳያወልቅ መጀመሪያ ቴሌቪዥኑን ያበራል። አያየውም እኮ! «የሰው ድምፅ ልስማ ብዬ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ሞተር ስሰማ ውያለሁ» ይላል። ከዚያ ወንበሩ ላይ ይቀመጥና እንቅልፉ ይወስደዋል። አንድ ቀን መኪናው ገደል ገባ። ስለዚያ ከዚህ በላይ አልናገርም፤ እርስዎንም አይመለከትዎትም፤ ጥፋቱም የእናንተ አይደለም። የእናንተ ያልሆነ ጥፋት በመኖሩ እንኳን ደስ ያለዎ።

ልጃችንን ከቀበርን በኋላ፣ ቀኑ ሊመሽ ሲል፣ እኔና ባለቤቴ ጓዳ ነበርን። እሷ ሽንኩርት ትልጣለች፣ እኔ ቢላዋ እስላለሁ። ሳሎን ውስጥ የሰው ድምፅ ተሰማ። ቢላዋውን እንደያዝኩ ወጣሁ። በሩ እንደተቀረቀረ ነው። ጫማ የሚወለቅበት ቦታ ባዶ ነው። ቴሌቪዥኑ በርቶ አንድ ሰውዬ ማንም በሌለበት ክፍል ስለ ነገው ደመና እያወራ ነው። ከኋላዬ ባለቤቴ መጣች፤ አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም። ዝናብ ጀመረ እንደሚባለው ሁሉ «መጣ» አለች፤ እጇን በቀሚሷ ጠረገችና ወንበሩን ወደ ቦታው ሳበችለት።

ከዚያ ወዲህ ሊመሽ ሲል ይበራል። እሷ ቀድማ ወንበሩን ታዘጋጃለች። እኔ መጀመሪያ እቆጣ ነበር፣ ቀጥሎ እስቅባት ነበር፣ አሁን ግን ሰዓቱ ሲደርስ ጉሮሮዬን ጠርጌ ወደ በሩ አያለሁ። የግንበኛ አንገት እንዲህ ዞሮ ዞሮ ወደ ባዶ በር ሲያይ ቢያዩት ኖሮ ያዝኑልኝ ነበር፤ ወይም በጽሑፍ እንዳመለክት ያዙኝ ነበር።

ሦስተኛ፤ ባለሙያ ስለላኩልን አመሰግናለሁ።

አልላኩልኝም አልልም፤ ልከዋል። ጨዋ ሰው ነው፤ የደንብ ልብሱ ተተኩሷል። ደጃፋችን ያለውን ምሰሶ ከሥር ሆኖ አንጋጦ አየና ወዲያው ነገሩን አወቀው። «አባባ፣ ያቺ ኒውትራሏ ሽቦ፣ ኃይሉን መልሳ የምትወስደው፣ ማሰሪያዋ ላልቷል። ጎረቤታችሁ በያጁ ማሽኑን ሲያስነሳ ኃይላችሁ ይወድቃል፣ ቴሌቪዥኑ ይጠፋል፤ እሱ ሲያቆም ኃይሉ ይመለስና ቴሌቪዥኑ በራሱ ይበራል። ሌላ ምንም አይደለም» አለኝ። በያጁን፣ ሰፈሩ ብልጭታ የሚለውን፣ ያውቁት ይሆናል፤ ከእኛ ሁለት ደጅ አልፎ ነው፤ ሥራ የሚያቆመው ሊመሽ ሲል ነው።

«ተመስገን፣ በል እሰራት» አልኩት።

«መሰላል የለኝም።»

«የት ሄደ?»

«ማዶ ሰፈር ነው።»

«መቼ ይመጣል?»

«የማዶ ሰፈር ሥራ ሲያልቅ።»

የራሴን መሰላል አወጣሁለት። በዚያ መሰላል ላይ ቆሜ የእርስዎን ግድግዳ የጨረስኩበት ነው፤ እኔን ከነድንጋዬ የተሸከመ መሰላል እሱን ከነካቻቢቴው አይጥለውም። «የመሥሪያ ቤቱ ካልሆነ አይፈቀድም» አለኝ። ሕግ አከብራለሁ፤ መሰላሌን መልሼ አስገባሁ። ምሰሶው ላይም የራስ ቅል ሥዕል ተለጥፏል፤ ያልተፈቀደለት ሰው ቢወጣ የሚጠብቀውን ያሳያል። የተፈቀደለት ሰው ካልወጣ ሌላውን ሰው የሚጠብቀውን የሚያሳይ ሥዕል ግን አላየሁም፤ ቢያስቡበት።

ሊሄድ ሲል ዞር አለና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አባባ፣ ከፍሪጁ ተጠንቀቁ፤ ወለሉ ደረቅ ሲሆን ይነዝራል እንጂ አይጎዳም፤ ወለሉ ሲረጥብ ግን መንዘር ብቻ አይደለም» አለኝ። ያ ሰው ዳግመኛ አልመጣም። ምሰሶው ጫፍ ላይ ግን ሲመሻሽ ትንሽ እሳት ትታያለች፤ ቦግ ትላለች፣ ትደበዝዛለች። አንድ ሰው እላይ ተቀምጦ እየጠበቀ ሲጋራ የሚያጨስ ይመስላል። ልጃችንም ያጨስ ነበር፤ ከእናቱ ተደብቆ።

አራተኛውን ለጊዜው ዝለዪው። አፌ ገና አልደፈረውም። አምስተኛ ብለሽ ጻፊ።

አምስተኛ፤ ማኅተም ስላለበት መልስዎ አመሰግናለሁ።

የላኩት ባለሙያ ሽቦዋ እንደላላች በዓይኑ አይቶ ከሄደ በኋላ እንዲህ የሚል መልስ ደረሰን፤ የእህቴ ልጅ ደጋግማ ስላነበበችልኝ በቃሌ ይዤዋለሁ፤ «ጥፋቱ ከቆጣሪው በኋላ፣ በቤትዎ ውስጥ በመሆኑ ጽሕፈት ቤቱን አይመለከትም። ለደኅንነትዎ ሲባል ዋናውን ማጥፊያ አጥፍተው እንዲጠባበቁ እናሳስባለን።» ማኅተሙ ክብ ነው፤ ደንበኛ ማኅተም ነው፤ ማሰሪያውም እንዲሁ ጠብቆ ቢሆን ኖሮ እኔና እርስዎ ባልተዋወቅን ነበር።

የታዘዝኩትን አደረግሁ። ዋናውን ማጥፊያ ወደ ታች ሳብኩት። ክቡር ሆይ፣ ፍሪጅ ሲሠራ የሚያሰማውን ድምፅ ሰው አይሰማውም፤ የሚሰማው ሲያቆም ነው። ቤቱ ጸጥ አለ፤ የእኔና የባለቤቴ ትንፋሽ ብቻ ቀረ፤ እሱም የሌላ ሰው ይመስል ነበር።

ሊመሽ ሲል ወንበሩን ሳበችለት። ከጎኑ ተቀመጠች፤ እኔም በወዲያ በኩል ተቀመጥኩ። ጨለመ። የጠፋው ቴሌቪዥን መስተዋት ሆኖ እኔን አሳየኝ፣ እሷን አሳየኝ፣ በመሐላችን ያለውን ባዶ ወንበርም አሳየኝ። ሦስታችንም ራሳችንን ስናይ ቆየን። ከዚያ ወደ እኔ ሳትዞር፣ ወደ መስተዋቱ እንዳየች፣ «አባረርከው?» አለችኝ።

በማግስቱ እህል አልቀመሰችም። ስኳር ያለበት ሰው ሳይበላ መዋል እንደማይችል እርስዎ የተማሩ ነዎትና አላስረዳዎትም። የእህቴ ልጅ ለመነቻት፣ ጎረቤት ለመናት፣ እኔ ተቆጣኋት፣ ቀጥሎም ለመንኳት፤ እኔ ሰው ለምኜ አላውቅም። አፏን ዘግታ ግድግዳውን አየች። ስለዚህ ተነሥቼ ዋናውን ማጥፊያ በገዛ እጄ መልሼ አበራሁት። ፍሪጁ ማጉረምረም ጀመረ። እሷም ምግብ ጠየቀች። ምክርዎ ቤቴን ከእሳት ጠብቆልኛል፤ ባለቤቴን ግን ሊገድላት ትንሽ ቀርቶት ነበር፤ ለአንደኛው ምስጋናዬ ይድረስዎ።

አሁን አራተኛውን ጻፊ።

አራተኛ፤ ፍሪጁ።

ፍሪጁን መንቀል አልችልም፤ ባለቤቴ በየዕለቱ የምትወጋው የስኳር መድኃኒት እዚያ ውስጥ ነው፤ ከሞቀ ይበላሻል። ዋናውን ባጠፋሁ ጊዜ ብልቃጡን ቀዝቃዛ ውሃ ባለበት ባልዲ ውስጥ አንሳፍፌ ውሃውን እየለወጥኩ ነው ያዋልኩት። ስለዚህ ፍሪጁ ይሠራል፣ ሲሠራም ይነዝራል። ሽቦዋ በላላች ቁጥር በሩም፣ እጀታውም፣ ጎኑም ይነዝራል፤ ጣት ላይ ጉንዳን የሚሄድ ያህል ነው።

ሌላ ሰው ቢነዝረው እጁን መንጭቆ ይሳደባል። ባለቤቴ ግን አልመነጨቀችም። ይህን እንዴት እንደማስረዳዎት አላውቅም፤ እንዲሁ ልናገረው። ልጃችን ከረጅም መንገድ ሲመለስ የመሪው ንዝረት ከእጁ ቶሎ አይወጣም ነበር። ቁጭ ብሎ የእናቱን እጅ ሲይዝ መዳፉ በቀስታ ይነዝራል። «እጅህ ገና እየነዳ ነው» ትለው ነበር፤ እሱም ይስቅ ነበር። ፍሪጁ መጀመሪያ የነዘራት ቀን እጀታውን እንደያዘች ቀረች። ሮጬ ልሄድ ስል ሌላውን እጇን አንሥታ እንዳልቀርብ ከለከለችኝ፤ ዓይኗን ጨፍናለች። «እጁ ገና እየነዳ ነው» አለች።

ክቡር ሆይ፣ በጽሕፈት ቤታችሁ ለዚህ ዓይነቱ ብልሽት የምትሉት ስም ካለ ይጻፉልኝ።

ከቤቱ ጓሮ የመኪናው ትርፍ ጎማ ነበር፤ ከአደጋው በፊት ለጥገና ያወረደው። የውስጥ ላስቲኩን፣ ከመነዳሪውን፣ አወጣሁና ሰንጥቄ፣ ጠፍጣፋ አድርጌ፣ ፍሪጁ ፊት አነጠፍኩት። ጎማ ላይ የቆመን ሰው እንደማይነዝረው ብልጭታ ነግሮኛል። የልጁ ጎማ እናቱን ይጠብቃት ብዬ ነው፤ ያን ቀን በሥራዬ ኮርቼ ነበር። በማግስቱ መድኃኒቷን ልታወጣ ሄደች፤ ጎማው ላይ ቆማ እጀታውን ያዘች፤ ጠበቀች፤ ምንም የለም። ወደ እግሯ አየች። ጎማውን በእግሯ ገፋ አደረገችና በባዶ እግሯ ሲሚንቶው ላይ ቆመች። እኔ በየጠዋቱ አነጥፋለሁ፤ እሷ በየጠዋቱ ትገፋለች። በዚህ ነገር አንድም ቀን ተነጋግረን አናውቅም።

አሁን ከእሷ ቀድሜ እነሣለሁ። የእጄን ጀርባ ወደ ፍሪጁ አስጠግቼ የዕለቱን ኃይል እለካለሁ፤ ድንጋይ ስፈትሽ እንደኖርኩት ማለት ነው። የሚበረታ ከሆነ ብልጭታ ጋ ሄጄ እሷ መድኃኒቷን እስክታወጣ ማሽኑን እንዳያስነሳ እነግረዋለሁ፤ እሱም ይተባበረኛል፤ እግዜር ይስጠው። አንድ ጠዋት የእጄን ጀርባ አስጠጋሁ፤ ነዘረኝ፤ በቀስታ፣ ልክ እንደዚያ፣ ልክ እንደ እሱ። እጄን ወዲያው ላነሳ ይገባኝ ነበር። ቶሎ አላነሳሁትም። ይህንንም ጻፊው።

እኔ ግን ሰው ነገሩን በዓይኑ ሲያይ ይገባዋል ብዬ የማምን ሰው ነኝ። ስለዚህ በጠራራ ፀሐይ ባለቤቴን ቴሌቪዥኑ ፊት አስቀምጬ ደጅ ወጣሁ፤ የእህቴን ልጅ በር ላይ አቆምኳት። ወደ ብልጭታ «አስነሳ!» ብዬ ጮህኩ፤ ማሽኑ ተነሣ፣ ቴሌቪዥኑ ጠፋ። «አቁም!» አልኩ፤ ማሽኑ ቆመ፣ ቴሌቪዥኑ በራ። ደጋገምነው። ብልጭታ ከወዲያ «አባባ፣ ዛሬ በር ልበይድ ነው ወይስ ቲያትር ልሥራ?» ብሎ እስኪጮህ ድረስ ደጋገምነው። ገብቼ ከፊቷ ቆምኩና «አየሽ? ሽቦ ነው። በያጅ ነው። ሌላ ምንም አይደለም» አልኳት።

አየችኝ፤ ሰው ለሕፃን እንደሚታገሥ ዓይነት። ከዚያም «አንተ ሰውዬ፣ ሰው ሲመጣ በመንገድ አይደል የሚመጣው? እሱስ በምን ይምጣ?» አለችኝ።

እርስዎ የተማሩ ነዎት፤ መልስ ካለዎት ማኅተም አድርገው ይላኩላት።

በዚህ መሐል ጓዳው ታጠበ፤ ወለሉ ጥቂት እርጥበት ነበረው። የእጄን ጀርባ ሳስጠጋ የመጣው ጉንዳን አልነበረም፤ በሬ ነበር። ስነቃ ግድግዳው ሥር ተዘርግቼ ባለቤቴ ፊቴን ትጠፈጥፋለች። ጎማውን ከተገፋበት ጎትታ መልሳ አነጠፈችው፤ «አንተ እዚህ ላይ ቁም» አለችኝ። ደስ አለኝ፤ ነገሩ ገባት ብዬ። ከዚያ ወለሉ ሲደርቅ መድኃኒቷን ልታወጣ ሄደች፤ ጎማውን በእግሯ ገፋችው። ለእኔ ታነጥፋለች፣ ለራሷ ትገፋለች። እንግዲህ ያለንበት ሁኔታ ይህ ነው።

ደመናው ደግሞ እየተቆለለ ነው። የጓዳዬ ደጃፍ ዝቅ ያለ ነው፤ የሰው ቤት ስገነባ ኖሬ የራሴን ደረጃ ከፍ ሳላደርግ ቀረሁ፤ ዝናብ ሲጥል ውሃ ከበሩ ሥር ሾልኮ እስከ ፍሪጁ እግር ይደርሳል። ጎማው በውሃ ላይ ምን እንደሚጠቅም እንጃ። እሷ በዚያ ውሃ ውስጥ በባዶ እግሯ ቆማ እጁን ትይዛለች። እሱም አይለቃትም።

ስለዚህ ለምኜ የማላውቀው ሰው ለሁለተኛ ጊዜ እለምናለሁ። ዝናቡ ሳይጥል አንድ ሰው ከነመሰላሉ ይምጣና ያቺን ሽቦ ያጥብቃት። ለባለቤቴ ይህን ደብዳቤ እንደማስጽፍ ነግሬያታለሁ፤ አልሸሸግኋትም። «የሚመጡ ከሆነ ሲመሽ አይምጡ፤ ተቀምጦ እያለ አያስነሡት» አለች። ይህ ከእሷ አፍ የወጣ ፈቃድ ነው፤ ከዚህ የበለጠ ፈቃድ አላገኝም፤ ስለ እኔ ስትል የሰጠችው ነው፤ እባክዎ አያበላሹብኝ። በጠዋት ይምጡ። ደግሞ የመሥሪያ ቤቱ መኪና መታጠፊያው ላይ ሲደርስ ጡሩምባ እንዳይነፋ ለሾፌሩ ይንገሩልኝ። እሷ ጡሩምባ ከሰማች በር ልትከፍት ትሮጣለች። በሩን ስትከፍት ደግሞ መሰላል ብቻ እንድታይ አልፈልግም።

ላደረጉልኝና ሊያደርጉልኝ አስበው በስብሰባ ብዛት ላልቻሉት ነገር ሁሉ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ፣ ጎንበስ ማለት እንኳ ባልወድ፣ አመሰግናለሁ። ወንበርዎ የጸና፣ አምፖልዎ የማይተነፍስ፣ ሻይዎም የማይነዝር ይሁን። የኋላ ግድግዳዎ ስለመቆሙ አያስቡ፤ ያቆመው ሰው ማሰሪያ ሳያጠብቅ ከሥራው ወርዶ የማያውቅ ነው።

አክባሪዎ፣
የግድግዳዎ ግንበኛ
(ስላልጻፍኩት በጣቴ ፈርሜበታለሁ፤ ጣቱ ትንሽ ቢንቀጠቀጥ ምክንያቱን ያውቁታል።)

ማሳሰቢያ፤ የእህቴ ልጅ ጽፋ ጨርሳ መልሳ ስታነብልኝ ሳሎን ውስጥ ቴሌቪዥኑ በራ። ባለቤቴ ወንበር ስትስብ ይሰማኛል። ብልጭታ ዛሬ ዘመድ ጥየቃ ሄዶ ሱቁን ከነጭራሹ አልከፈተም፤ በር ላይ ወጥቼ ቁልፉን አይቼ ተመልሻለሁ። እንግዲህ ወይ ያቺ ሽቦ ያለ ማንም እገዛ በራሷ መላቀቅና መግጠም ጀምራለች፣ ይህም ከሆነ ጊዜ የለንም፤ ወይም ደግሞ ባለቤቴ የምትለው ነው። ባለቤቴ የምትለው ከሆነ አንድ ነገር ብቻ ያስረዱኝ፤ ልጄ ከመቃብር ተነሥቶ በየቀኑ ቤቱ ሲደርስ፣ የእርስዎ መሰላል ከማዶ ሰፈር መድረስ ያቃተው ምን ሆኖ ነው?